የሸርጣን እጭ ስለ ሕያው መኖ ያስተማረኝ፣ ለሐዋሳ አምባዛ አርቢዎች

በሐዋሳና በአካባቢዋ የአምባዛ ጫጩት አስፈልፍለው ለማሳደግ የሚሞክሩ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሱልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ እንቁላሉ በደንብ ይፈለፈላል፣ እጩም አስኳሉን እስኪጨርስ ድረስ ጤነኛ ሆኖ ይቆያል፣ መብላት በሚጀምርበት ሳምንት ግን መኖ በገንዳው ሞልቶ እያለ ያልቃል። ለዚህ ጥያቄ የምሰጠውን መልስ ያገኘሁት ከዓሣ ሳይሆን ከባሕር ሸርጣን ነው። በፊሊፒንስ ፓናይ ደሴት በሚገኝ የሸርጣን ማስፈልፈያ ለሥልጠና ቆይቼ ያየሁትን፣ ወደ ሐዋሳ ከተመለስኩ በኋላም በአምባዛ እጭ ላይ የሠራሁበትን ነገር በዝርዝር መጻፍ የፈለግሁት፣ እዚሁ ጫጩት ለሚያሳድጉትም ሆነ ለተመሳሳይ ትምህርት ወደ ውጭ ለሚሄዱት ተማሪዎቻችን ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ነው።

በፓናይ የሚረባው በማንግሮቭ ደን ሥር፣ በጭቃ ውስጥ የሚኖረው ትልቁ የጭቃ ሸርጣን ነው። ሴቷ እንቁላሏን ጥላ አትሄድም፤ ከሆዷ በታች አቅፋ፣ በ28 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሙቀት ከ10 እስከ 12 ቀን ትሸከመዋለች። ብርቱካናማ የነበረው እንቁላል ወደ ጥቁር ግራጫ ሲለወጥ መፈልፈያው እንደደረሰ ይታወቃል፤ ከአንዲት እናት ከሚሊዮን በላይ እጭ ሊገኝ ይችላል። የሚፈለፈለው ፍጡር ግን ሸርጣን አይመስልም። ዞያ የሚባለው ይህ እጭ በግንባሩና በጀርባው ረዘም ያለ እሾህ ያለው፣ ዓይኑ ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጎልቶ የሚታይ፣ ወደ ብርሃን የሚዋኝና ርዝመቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙ የማይበልጥ ነው። በየጊዜው ቅርፊቱን እየጣለ አምስት የዞያ ደረጃዎችን ያልፋል፤ ከዚያም መቆንጠጫ ያለው ሜጋሎፓ ይሆናል፤ ሜጋሎፓው ደግሞ ከሳምንት በላይ ቆይቶ በመጨረሻ ትንሽ ሸርጣን ይሆናል። ከመፈልፈል እስከ ሜጋሎፓ ያለው ጊዜ እንደ ውኃው ሙቀት ከ16 እስከ 20 ቀን ይወስዳል። በነገራችን ላይ በአገራችን ወንዞች የምናያቸው ሸርጣኖች ይህ ሁሉ ጣጣ የለባቸውም፤ ከእንቁላላቸው የሚወጣው በቀጥታ ትንሽ ሸርጣን ስለሆነ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ እጭ አያልፉም።

ዞያ መኖውን አሳድዶ አይዝም፤ እየዋኘ ሳለ አጠገቡ የደረሰውን ብቻ ነው የሚይዘው። በዚህ ምክንያት በዙሪያው ያለው መኖ መብዛት አለበት፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች በአንድ ሚሊ ሊትር ውኃ ከ10 እስከ 20 ሮቲፈር እንዲኖር ይደረጋል፤ ከሦስተኛው ደረጃ ጀምሮ ደግሞ አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ ይጨመራል። ሮቲፈር በማይክሮስኮፕ የሚታይ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሢሶ የማይበልጥ እንስሳ ሲሆን፣ ከእጭ መኖነት ጋር የተዋወቀው በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በጃፓን ነው። አርቴሚያ ደግሞ በጨዋማ ሐይቆች የሚኖር፣ እንቁላሉ ደርቆ ለዓመታት የሚቀመጥና ጨው ውኃ ውስጥ ሲገባ በአንድ ቀን የሚፈለፈል ፍጡር ነው፤ በዓለም ገበያ ከሚሸጠው እንቁላል ከፍተኛ ድርሻ ያለው የሚሰበሰበው በአሜሪካ ዩታ ግዛት ካለው ታላቁ የጨው ሐይቅ ነው።

በማስፈልፈያው የደረስኩበት ወቅት እጮቹ እስከ አራተኛው ደረጃ ድረስ እጅግ አምረው ያደጉበት ጊዜ ነበር። ገንዳው ንጹሕ ነው፤ ጨዋማነቱ፣ ሙቀቱና አየሩ የተስተካከለ ነው፤ መኖውም ሞልቷል። ከአምስተኛው ዞያ ወደ ሜጋሎፓ በሚለወጡበት ሌሊት ግን አብዛኞቹ አለቁ። ጠዋት ከገንዳው ወለል የተሰበሰቡትን በማይክሮስኮፕ ሳያቸው የነበረውን ዛሬም አልረሳውም። አሮጌው ቅርፊት ከጀርባ በኩል ተከፍቷል፤ የአዲሱ አካል ጀርባና ዓይን ወጥቷል፤ መቆንጠጫዎቹና እግሮቹ ግን በአሮጌው ሽፋን ውስጥ እንደተያዙ ቀርተዋል። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ልባቸው ገና ይመታ ነበር። የማስፈልፈያው ኃላፊ የነበሩት ሴት አጠገቤ ቆመው ካዩ በኋላ ስለ ውኃውም ስለ በሽታም ምንም አላነሡም፤ በቀጥታ ወደ ሮቲፈሩና ወደ አርቴሚያው ክፍል ሄደው፣ እነርሱ ያለፉትን ቀናት ምን ሲበሉ እንደቆዩ ይጠይቁ ጀመር።

የሮቲፈሩ ገንዳ አልጌ፣ ማለትም ውኃን አረንጓዴ የሚያደርገው ደቃቅ ተክል መሰል ነገር፣ አንሶት ስለነበር ለቀናት የተመገበው የዳቦ እርሾ ብቻ ነበር። እርሾ ሮቲፈርን ያበዛል፤ ቁጥሩ ይጨምራል፤ በመቁጠሪያ ጠብታ ውስጥ ሲታይም ምንም የጎደለው አይመስልም። የባሕር ሸርጣን እጭ የሚፈልጋቸው ኢፒኤና ዲኤችኤ የሚባሉት የኦሜጋ 3 ቅባቶች ግን በእርሾ ውስጥ የሉም፤ ሮቲፈሩም ከሌለው መኖ ሊያመጣቸው አይችልም። ሕያው መኖ፣ ማለትም በሕይወት እያለ ለእጭ የሚሰጥ እንደ ሮቲፈርና አርቴሚያ ያለ ደቃቅ እንስሳ፣ እንደ አገልግል ነው፤ እጩን የሚያጠግበው በውስጡ የተቋጠረው ነገር ነው። የባሕር ሸርጣን እጭ እነዚህን ቅባቶች ከሌሎች ቅባቶች በበቂ መጠን መሥራት ስለማይችል ተዘጋጅተው ሊመጡለት ይገባል። ኮሌስትሮልም እንዲሁ ነው። ሸርጣንም ሆነ ሌሎች ቅርፊት ለባሽ እንስሳት ኮሌስትሮልን በራሳቸው አይሠሩም፤ ቅርፊት መጣልን የሚያዘው ሆርሞን ደግሞ የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው። ስለዚህ ጉድለቱ እጩ እየበላና እየዋኘ ባለበት ቀን አይታይም፤ የሚታየው ቅርፊቱን ለመጣል ጉልበቱን ሁሉ በሚጠይቅበት ሰዓት ነው። አንድ አርቢ የሞቱን ምክንያት በሞቱ ዕለት ውኃ ውስጥ ቢፈልግ የማያገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ምክንያቱ ከሳምንት በፊት በነበረው መኖ ውስጥ አለ።

አርቴሚያ ላይ ያለው ጉዳይ ከዚህም ይረቅቃል፤ ለእኛም ለአምባዛ አርቢዎች ይበልጥ የሚጠቅመን ይህኛው ነው። አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ አፉ ገና አልተከፈተም፤ የሚኖረው ከእንቁላሉ ይዞት በወጣው ብርቱካናማ አስኳል ነው። ከተፈለፈለ 8 ሰዓት ያህል ሲሞላው የመጀመሪያ ቅርፊቱን ጥሎ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲያልፍ አስኳሉን እያቃጠለ ስለሚቆይ ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ወይም ከዚያም በላይ ያጣል፤ በመጠን ያድጋል፤ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ለእጩ ለመያዝም ይከብዳል። ጠዋት የተፈለፈለውን አርቴሚያ እስከ ማታ በሞቀ ውኃ አቆይቶ የሚመግብ ሰው ብዛቱ ያልቀነሰ፣ ምግብነቱ ግን የሳሳ መኖ እየሰጠ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የተፈለፈለውን ወዲያውኑ መሰብሰብ፣ ለዚያው ሰዓት የሚበቃውን ሰጥቶ የተረፈውን በንጹሕ ጨው ውኃ፣ በቀስታ አየር እየተሰጠው፣ 4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ማቆየት። ቅዝቃዜው ዕድገቱን ስለሚያቆመው አስኳሉ እስከ ማግስቱ ድረስ ብዙም ሳይጎድል ይቆያል።

አፉ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ሌላ ዕድል አለ። አርቴሚያ በውኃው ውስጥ ያለውን ደቃቅ ነገር ሁሉ እያጣራ ስለሚውጥ፣ የዓሣ ዘይት በደቃቁ የተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ ለ12 ወይም ለ24 ሰዓት ቢቆይ ሆዱን በእነዚያ ቅባቶች ይሞላል። በማስፈልፈያው ለዚሁ የተዘጋጀ ምርት ይጠቀሙ ነበር፤ አንዳንድ ቦታ ግን የኮድ ጉበት ዘይትን ከእንቁላል አስኳልና ለብ ካለ ውኃ ጋር በጁስ መፍጫ መትተው ይሠሩታል። ጥንቃቄ የሚሻው አርቴሚያ የዋጠውን ዲኤችኤ በራሱ አካል ውስጥ ወደ ኢፒኤ መመለሱ ነው፤ ከተሞላ በኋላ በተቀመጠ ቁጥር የደከምንበት ቅባት እየጠፋ ይሄዳል። ስለዚህ በዚህ መልኩ በቅባት የበለጸገ አርቴሚያም ቢሆን ለእጩ ቶሎ መሰጠት አለበት። ሌላው ጥንቃቄ ከመጠን ያለፈ ማበልጸግም ጉዳት ማምጣቱ ነው። በጃፓን በሸርጣን እጭ ላይ የተሠሩ ምርምሮች እንዳሳዩት፣ ቅባቱ ሲበዛ የአምስተኛው ዞያ አካል ያለ ጊዜው ገፍቶ ያድጋል፤ መቆንጠጫው በአሮጌው ቅርፊት ውስጥ እጅግ ይተልቃል፤ ያ ሲሆን ማውጣት ያቅተዋል። ጉድለትም ትርፍም በዚያችው የመለወጫ ሌሊት ይገናኛሉ።

ወደ ሐዋሳ ስመለስ ከዚህ ሁሉ የትኛው ለአምባዛ ይሆናል የሚለውን መለየት ነበረብኝ፤ ሁሉንም እንዳለ መገልበጥ አላስፈላጊ ወጪ ያመጣልና። አምባዛ የጨው አልባ ውኃ ዓሣ ነው፤ ከዕፅዋት ዘይት የሚገኙትን አጫጭር የኦሜጋ 3 ቅባቶች በራሱ ወደ ኢፒኤና ዲኤችኤ የመቀየር ችሎታ አለው፤ ኮሌስትሮልንም ይሠራል። ስለዚህ በውድ ዋጋ ከውጭ የሚመጣ ማበልጸጊያ ለአምባዛ እጭ መግዛት ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ያ ገንዘብ ጥሩ የአርቴሚያ እንቁላል ለመግዛት፣ ለማሞቂያና መብራት ሲጠፋ ለሚሠራ የአየር ፓምፕ ቢውል ይሻላል። ሙሉ በሙሉ የሚሠራው ትምህርት የትኩስነቱ ነው።

የአምባዛ እጭ በ28 ዲግሪ ገደማ ሙቀት አስኳሉን በ3 ቀን ይጨርሳል። በዚያን ጊዜ ጨጓራው ገና ሥራ አልጀመረም፤ ደረቅ መኖ ብቻ ሲሰጠው በደንብ ሊፈጨው ስለማይችል ሆዱ ሞልቶም ይራባል። ጨጓራው ሥራ የሚጀምረው መብላት ከጀመረ ከ4 ወይም ከ5 ቀን በኋላ ነው። ሕያው መኖ የግድ የሚሆነው ለእነዚህ ቀናት ነው፤ ከዚያ በኋላ ደቃቅ ደረቅ መኖን እየቀላቀሉ ሕያውን በቀስታ መቀነስ ይቻላል። ብዙዎች የሚያልቅባቸው ጫጩት የሚያልቀው በዚህ ጠባብ ጊዜ ውስጥ ነው።

አርቴሚያውን ለማስፈልፈል የባሕር ውኃ አያስፈልግም። አዮዲን ያልገባበት የአፍዴራ ጨው ከ25 እስከ 30 ግራም በአንድ ሊትር ውኃ አሟሙቶ፣ በሊትር ከ1 እስከ 2 ግራም እንቁላል ጨምሮ፣ ከሥሩ ኃይለኛ አየር እየሰጡ ከላይ መብራት ማብራት ይበቃል። የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪኑ እስኪወጣ አስቀድሞ አየር እየተሰጠው ማደር አለበት። የአካባቢያችን የጉድጓድ ውኃ ብዙውን ጊዜ አልካላይን ስለሆነ ይስማማዋል፤ ፒኤቹ (የውኃውን አሲድነት ወይም አልካላይንነት የሚያሳየው ቁጥር) ከ8 በታች ከሆነ ግን ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ያስተካክለዋል። ሐዋሳ ላይ ትልቁ ጠላት ሌሊቱ ነው። ከተማችን ወደ 1,700 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስላለች በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በታች ሲወርድ እንቁላሉ በ24 ሰዓት መፈልፈሉ ቀርቶ እየተንጠባጠበ ይወጣል፤ ያኔ አንዱ ገና ሲወለድ ሌላው አስኳሉን ጨርሶ ይጠብቀዋል። በገንዳው ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ማሞቂያ ይህን ያስቀራል።

ለማውጣት አየሩን ዘግቶ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ ባዶ ቅርፊቱ ይንሳፈፋል፤ ሕያው አርቴሚያው ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታች ያለው መብራት ደግሞ ይበልጥ ይሰበስበዋል። ቅርፊቱ ከአርቴሚያው ጋር ወደ እጩ ገንዳ እንዳይገባ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አይፈጭም፤ የእጩንም አንጀት ይዘጋል። ከዚያ በደቃቅ ወንፊት ላይ አድርጎ በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ ይገባል። የመፈልፈያው ውኃ በባክቴሪያ የተሞላ ስለሆነ ሳይታጠብ የገባ መኖ በሽታን አብሮ ያስገባል።

አርቴሚያ በአምባዛ ገንዳ ውስጥ ከጥቂት ሰዓት በላይ በሕይወት አይቆይም፤ ጨው አልባ ውኃ ይገድለዋል፤ የሞተው ወለል ላይ ይበሰብሳል። ስለዚህ በቀን ሁለቴ ብዙ ከመስጠት በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት መስጠት ይሻላል። መብላታቸውን ለማወቅ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። ከሰጡ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጥቂት እጮችን በነጭ ሳህን ወስዶ ማየት ነው፤ የበላው እጭ ሆዱ ብርቱካናማ ሆኖ ከውጭ ይታያል። ሆዳቸው ባዶ የሆኑት ከበዙ መኖው ያነሰ ነው ብሎ ከመጨመር በፊት አርቴሚያው መቼ እንደተፈለፈለ መጠየቅ ይገባል።

መብራት በተደጋጋሚ ለሚጠፋበት ሰፈር የምመክረው ሌላ መንገድ አለ። የአርቴሚያ እንቁላል ቅርፊት በበረኪና ይሟሟል። እንቁላሉ መጀመሪያ በጨው አልባ ውኃ ለአንድ ሰዓት ያህል ረጥቦ እንዲያብጥ ይደረጋል፤ ከዚያ በረኪናው ውስጥ እየተማሰለ ቡናማ የነበረው ወደ ግራጫ፣ ቀጥሎም ወደ ብርቱካናማ ይለወጣል። ብርቱካናማው ቀለም እንደታየ ወዲያው አውጥቶ የክሎሪን ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ማጠብ ነው። ሥራው ሙቀት ስለሚፈጥር እቃውን በበረዶ ወይም በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ከ40 ዲግሪ በላይ እንዳይደርስ መከታተል፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ ማድረግ ያስፈልጋል። በዚህ መልኩ የተላጠው እንቁላል ሳይፈለፈልም ለአምባዛ እጭ ሊሰጥ ይችላል፤ እንዲያውም ለመፈልፈል ያላወጣው ኃይል ሁሉ በውስጡ አለ። በሊትር 300 ግራም ጨው ባለበት ውኃ ውስጥ በማቀዝቀዣ ለሳምንታት ይቀመጣል። ጉድለቱ አለመዋኘቱ ነው፤ ወደ ወለል ስለሚሰምጥ አየሩ እያንሳፈፈው እጩ ፊት እንዲደርስ ማድረግ ያሻል።

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በአሞራ ገደል ዓሣ ሲያወጡ የኖሩ፣ ጋሼ የምላቸው አንድ አዛውንት ይህን ሥራ አይተው፣ «ልጄ፣ ሐይቁ ራሱ መኖ የሞላበት አይደለም ወይ? ለምን ከባሕር ማዶ ታስመጫለሽ?» ብለውኛል። እውነት አላቸው። በሐይቁ ዳር በደቃቅ መረብ የሚሰበሰቡት ጥቃቅን የውኃ እንስሳት ጥሩ ምግብ ናቸው፤ በመካከላቸው ግን ሳይክሎፕስ የሚባሉ ደቃቅ ቅርፊት ለባሾችና የነፍሳት ትሎች አሉ፤ እነዚህ ገና የተፈለፈለን እጭ ራሱን ይነክሳሉ። የዱር ዓሣ በሽታም አብሮ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ለጋሼ የመለስኩላቸው፣ ከሐይቁ ዘሩን ብቻ ወስደን በግቢያችን እናርባ የሚል ነበር።

የሚረባው ሞይና የምትባለው የውኃ ቁንጫ ናት። በበርሜል ወይም በሲሚንቶ ገንዳ፣ በከረጢት ታስሮ በተነከረ የደረቀ የዶሮ ኩስ ውኃው አረንጓዴ ከሆነ በኋላ ዘሯ ይገባል፤ ሴቶቹ ያለ ወንድ ስለሚራቡ ሙቀቱ ከተመቸ በሳምንት ውስጥ ገንዳው ይሞላል። አርቴሚያ በማይቆይበት ጨው አልባ ውኃ ውስጥ እስክትበላ ድረስ ትኖራለች፤ ትልቁ ጥቅሟ ይህ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ትልልቆቹ በወንፊት ተለይተው ደቃቆቹ ብቻ ይሰጣሉ። የሸርጣኑ ትምህርት እዚህም ይሠራል፤ በእርሾ ብቻ የቆየች ሞይና ከመመገቧ በፊት ለጥቂት ሰዓት አረንጓዴ የአልጌ ውኃ ውስጥ ብትገባ ሆዷ በአልጌ ተሞልቶ ከውጭ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ስፒሩሊና የሚባለው የአልጌ ዓይነት ዱቄትም ለዚህ ይሆናል፤ ከሻላ ሐይቅ አጠገብ ያለው ጪቱ ሐይቅ ስፒሩሊና በተፈጥሮ የሚበቅልበት ነው። ስፒሩሊና በፕሮቲን የታወቀ ሲሆን ዲኤችኤ ግን የለውም፤ ስለዚህ ለአምባዛ እንጂ ለባሕር እጭ ብቻውን አይበቃም።

ገንዳ ውስጥ እጮቹ በመጠን መለያየት ሲጀምሩ ደግሞ ትልልቆቹን ለይቶ ማውጣት አይዘገይ፤ የተራበ አምባዛ ወንድሙን ከጅራቱ ጀምሮ ይበላል፣ ከዚያ ወዲያ የሚጎድለው ቁጥር ከመኖው ጥራት ጋር አይገናኝም። ደረቅ መኖ መቀላቀል በተጀመረባቸው ቀናት ከሕያው መኖው አስቀድሞ ደረቁን መስጠት፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሕያውን ማስከተል፣ በየማታውም ከወለሉ የተረፈውን በቀጭን ቱቦ ስቦ ማውጣት በእኔ ገንዳዎች ጥሩ ውጤት የሰጠ አሠራር ነው። ሕያው መኖውን ጨርሶ ለማቆም የምወስነው ደረቁ እንደተሰጣቸው ተሻምተው ሲበሉና በነጩ ሳህን ላይ ሆዳቸው የደረቁን መኖ ቀለም ይዞ ስመለከት ብቻ ነው።